ቻንድራሴካርና የነጭ ድንክ ኮከቦች ወሰን

በየካቲት ወር ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ገደማ፥ ከታይዋን ገበያ መብራት ጥቂት ራቅ ብሎ ወደ ደቡብ ቀና ያለ ሰው፥ ከከዋክብት ሁሉ ደምቆ የሚያበራ አንድ ኮከብ ያያል። ስሙ ሲርየስ ይባላል። የድሬዳዋ ሰማይ በበጋ ጥርት ያለ ስለ ሆነ፥ ስሙን ባያውቅም ኮከቡን ያላየ ተማሪ በመካከላችን የለም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ይህ ኮከብ ብቻውን እንዳልሆነ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። በዓይናችን የማናየው ጓደኛ አለው፤ ሁለቱ በአውድማ ላይ እንደ ተጣመዱ በሬዎች አንዱ ሌላውን ሳይለቅ በ50 ዓመት አንድ ጊዜ ይዞራሉ። እንዲህ ያሉት ጥንድ ኮከቦች ይባላሉ።

የማይታየው ጓደኛ ነጭ ድንክ ከሚባሉት ኮከቦች ወገን ነው። ነጭ ድንክ ኮከብ እስከ ምን ድረስ ሊከብድ እንደሚችል በቁጥር ወስኖ ለዓለም ያስታወቀው ሕንዳዊው ሱብራህማንያን ቻንድራሴካር ነው። የዚህን ሰው ሕይወት ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የመረጥነው፥ ገና በወጣትነቱ እውነት ይዞ ሳለ በብዙ ሊቃውንት ፊት ስለ ተሣቀበትና ከዚያ በኋላም ስላደረገው ነገር ነው።

ሁለት ነገር አስቀድመን እንናገር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም ሰውየው በ84 ዓመቱ በሽምግልና ያረፈ ቢሆንም፥ እዚህ ላይ በይበልጥ የምናገኘው ወጣቱን ስለ ሆነ፥ አንቱታውን ትተን እርሱ እያልን እንጽፋለን።

የነጭ ድንክ ኮከቦች ነገር የተጀመረው ቻንድራሴካር ሳይወለድ ነው። በ1844 ቤሰል የተባለ ጀርመናዊ የከዋክብት መርማሪ፥ ሲርየስ በሰማይ ላይ ሲሄድ ወዲያና ወዲህ እንደሚወላገድ ተመልክቶ፥ አንድ የማይታይ ከባድ ነገር እየሳበው መሆን አለበት ብሎ ወሰነ። ቤሰል ያን ጓደኛ ሳያይ ሞተ። በ1862 አልቫን ግራሃም ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ፥ አባቱና ወንድሙ አብረውት የሚሠሩትን አንድ አዲስ የቴሌስኮፕ ብርጭቆ ሲፈትን፥ ከሲርየስ አጠገብ ደብዛዛ ነጥብ አየ። የዚያ ብርጭቆ ስፋት 47 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበረ። ዛሬ በአዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር ስለ ሆነ፥ ክላርክ ከነበረው እጥፍ ይበልጣሉ ማለት ነው። በ1915 ደግሞ አዳምስ የተባለው ሊቅ በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ ላይ ሆኖ የደብዛዛውን ኮከብ ብርሃን ለይቶ መረመረና እጅግ የጋለ መሆኑን አገኘ።

ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነበር። በጣም የጋለ ኮከብ ብዙ ብርሃን ሊሰጥ ይገባዋል፤ ይህ ግን ብርሃኑ ጥቂት ነው። እንግዲያው መጠኑ ትንሽ መሆን አለበት። በእርግጥም ዛሬ እንደ ተለካው ስፋቱ ከምድራችን ጥቂት ያንሳል፤ ክብደቱ ግን ፀሐይን ያህላል። ከታይዋን ገበያ በተገዛ አንድ የክብሪት ቀፎ የዚያን ኮከብ አካል ሞልተን ብናመጣ፥ ከሃያ ቶን በላይ ይመዝናል። እንኳን ተሸካሚ፥ የጭነት መኪናም ወገቡ ይሰበራል።

ቻንድራሴካር ኦክቶበር 19 ቀን 1910 በላሆር ከተማ ተወለደ። ላሆር ያን ጊዜ በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ የፓኪስታን ከተማ ናት። አባቱ ሱብራህማንያ አያር በሰሜን ምዕራብ የባቡር ሐዲድ መሥሪያ ቤት ከፍ ያሉ የሒሳብ መርማሪ ነበሩ። የባቡር ቤተ ሰብ ልጅ መሆኑን ሲያነብ የድሬዳዋ ሰው ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ የእኛም ከተማ በ1902 የጅቡቲው ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ናትና። ሕንዶችንም ቢሆን አናጣቸውም። በድሬዳዋ ከጥንት ጀምሮ የሕንድ ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተው ኖረዋል፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ደግሞ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፊዚክስና ሒሳብ ያስተማሩ የሕንድ መምህራን ብዙዎች ነበሩ። ከአያቶቻችን ከወላጆቻችንም መካከል ከእነርሱ የተማሩ አሉ።

በቤቱ ውስጥ ስድስት ሴቶችና አራት ወንዶች፥ በጠቅላላው ዐሥር ልጆች ነበሩ። ቻንድራ ሦስተኛ ልጅ ሲሆን ከወንዶቹ የመጀመሪያው ነው። እናቱ ሲታላክሽሚ ትምህርት ወዳድ ሴት ነበሩ፤ የኖርዌዩን ደራሲ የኢብሰንን አንድ ቴአትር ወደ ታሚል ቋንቋ እስከ መተርጐም ደርሰዋል። ልጁ እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ በቤት ውስጥ ተማረ። ቤተ ሰቡ ወደ ማድራስ ከተማ ከተዛወረ በኋላ በዚያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1925 ገና ልጅ ሳለ ወደ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ አለፈ። አጎቱ ራማን በ1930 የኖቤል ሽልማት የተሸለመው ታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ ነው። የአባቱ ምኞት ግን ልጃቸው የመንግሥት ሹመት እንዲይዝ ነበር። እናቱ ልብህ የሚወድደውን ተማር የሚል ሐሳብ ስላላቸው፥ በእርሳቸው ድጋፍ ፊዚክስን ያዘ።

በ1928 ዞመርፌልድ የሚባለው ታላቁ የጀርመን ሊቅ ማድራስን ሊጐበኝ መጣ። የዐሥራ ስምንት ዓመቱ ተማሪ የሊቁን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አጥንቶ ስለ ነበር ካረፈበት ድረስ ሄዶ አነጋገረው። ዞመርፌልድም ያ መጽሐፍ ጊዜው እንዳለፈበት፥ ፊዚክስ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ፈጽሞ እንደ ተለወጠ ነገረው። ሌላ ልጅ ቢሆን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሆኖ በታየው ነበር። ቻንድራ ግን ሊቁ የሰጠውን ገና ያልታተመ አዲስ ጽሑፍ ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰና በ1929 በእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ላይ የራሱን ጥናት አሳተመ።

በ1930 የሕንድ መንግሥት በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እንዲማር የትምህርት ወጪ ሰጠው። በዚያው ጊዜ እናቱ በጽኑ ታመው ነበር። ልጁ መሄዱን ለመተው ሲያመነታ፥ ሂድ ብለው ያጽናኑት እናቱ ራሳቸው ናቸው። ጁላይ 31 ቀን 1930 ከቦምቤ ወደብ በመርከብ ተሳፈረ። ዕድሜው ዐሥራ ዘጠኝ ነው። ሁለቱ ከዚያ በኋላ በዓይነ ሥጋ አልተያዩም፤ በሜይ 1931 የሞታቸው መርዶ በካምብሪጅ ሳለ ደረሰው።

የመርከቡ መንገድ በባብ ኤል መንደብ ገብቶ፥ ቀይ ባሕርን አቋርጦ፥ በስዊዝ ቦይ ወደ አውሮፓ የሚወጣው ነው። ስለዚህ የድሬዳዋ ባቡር ዕቃውን ከሚያወርድበት ከጅቡቲ ወደብ ብዙ ሳይርቅ አልፏል። ሦስት ወር ቆይቶ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የተጠሩት የውጭ አገር እንግዶች በዚያው ወደብ ወርደው በከተማችን በኩል ሲጓዙ፥ አንድ ማንም የማያውቀው ወጣት በዚያ ባሕር ላይ የኮከብን ዕጣ ሲያሰላ እንደ ነበር ማን አወቀ! ወጣቱ ከያዛቸው ጥቂት መጻሕፍት አንዱ እንግሊዛዊው ሰር አርተር ኤዲንግተን ስለ ከዋክብት ውስጣዊ አካል የጻፉት ነበረ። ይህንንም በኮሌጁ ውድድር ተሸልሞ ነው ያገኘው። የመጽሐፉን ደራሲ ስም አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ያሰበው ነገር ጥልቅ ቢሆንም በቀላል አነጋገር ለማስረዳት እንሞክር። ኮከብ በሕይወት ሳለ፥ በውስጡ ያለው ትኩሳት ወደ ውጭ ይገፋል፤ የራሱ ክብደት ደግሞ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ሁለቱ ተመጣጥነው ይኖራሉ። ነዳጁ ሲያልቅ ግፊቱ ይደክማል፤ ክብደቱ ግን ያው ነው። ኮከቡም እየተጨመቀ ይሄዳል። ታዲያ ምን ያቆመዋል? የካምብሪጁ መምህር ራልፍ ፋውለር በ1926 መልስ ሰጠ። ኤሌክትሮኖች በባቡር እንደሚሳፈሩ መንገደኞች ናቸው፤ በአንድ መቀመጫ ሁለት አይቀመጡም። የፊተኛው ፉርጎ ሲሞላ የቀሩት ወደሚቀጥለው መሄድ ግድ ይሆንባቸዋል። ለኤሌክትሮን ደግሞ የሚቀጥለው መቀመጫ ማለት የበለጠ ፍጥነት ማለት ነው። ስለዚህ ኮከቡ በተጨመቀ ቁጥር ኤሌክትሮኖቹ ይፈጥናሉ፥ በፈጠኑም ቁጥር አጥብቀው ወደ ውጭ ይገፋሉ። በዚህ አሳብ መሠረት ማናቸውም ኮከብ በመጨረሻው ነጭ ድንክ ሆኖ በሰላም ያርፋል።

በመርከቡ ላይ ያለው ወጣት ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ሪላቲቪቲ በሚባለው በአይንስታይን ትምህርት መሠረት ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም። በከባድ ኮከብ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲጠጉ፥ ከዚያ ወዲያ የሚጨምሩት ፍጥነት ስለሌላቸው ግፊታቸው እንደ ፊቱ አያድግም። ክብደት ያሸንፋል። እንግዲህ ከአንድ ወሰን በላይ የከበደ ኮከብ ነጭ ድንክ ሆኖ ማረፍ አይችልም ማለት ነው። በመጀመሪያ ያሳተመው ቁጥር ከፀሐይ ክብደት 0.91 እጅ ነበረ። ስለ ኮከቡ ንጥረ ነገር የተወሰደው ግምት ሲስተካከል ወሰኑ 1.44 ሆነ፤ ዛሬ ባጭሩ 1.4 ይባላል። ከዚያ የበለጠው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ገና መልስ አልነበረውም።

ካምብሪጅ ሲደርስ ያሰበውን ያህል አልተደሰቱለትም። ሌላውን ሥራውን ሲቀበሉ ይህችኛዋን ችላ አሏት። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ልኮ በ1931 በዚያ አሳተማት። በ1933 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ ወዲያውም በትሪኒቲ ኮሌጅ የሊቃውንት አባልነት ተመረጠ። በ1934 ወደ ነጭ ድንኮቹ ተመልሶ፥ በእጅ በሚዞር የሒሳብ መኪና ከቀላሉ እስከ ከባዱ ያሉትን ኮከቦች አንድ ባንድ እያሰላ ወሰኑን ያለ ጥርጥር አረጋገጠ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኤዲንግተን ወደ ክፍሉ ብቅ እያሉ ሥራው እስከ ምን እንደ ደረሰ ይጠይቁት ነበር።

ኤዲንግተን በዘመኑ ከነበሩት የከዋክብት ሊቃውንት ሁሉ ስማቸው የገነነ ነበር። በ1919 በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ እንደሚጐብጥ ለክተው፥ የአይንስታይንን ትምህርት ለዓለም ያረጋገጡ እርሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው የሚጐበኘው ወጣት ምን ያህል እንደሚኰራ መገመት ቀላል ነው።

ጃንዋሪ 11 ቀን 1935 በለንደን የንጉሣዊ የከዋክብት ጥናት ማኅበር ስብሰባ ላይ ቻንድራሴካር ውጤቱን አቀረበ። ከእርሱ ቀጥሎ ኤዲንግተን በዚያው ነገር ላይ እንደሚናገሩ ያወቀው ከስብሰባው አንድ ቀን አስቀድሞ ነው፤ ምን እንደሚሉ ግን አልነገሩትም። ተራቸው ሲደርስ ተነሥተው የወጣቱን ሥራ ከሥሩ ነቀፉ። ያ ሁሉ ስሌት እውነት ከሆነ፥ ከባዱ ኮከብ ብርሃን እንኳ ማምለጥ እስኪያቅተው ድረስ ያለ ማቋረጥ እየተጨመቀ ይሄዳል፤ ይህ ደግሞ የማይመስል ነገር ስለ ሆነ ተፈጥሮ የምትከለክልበት ሕግ ሊኖራት ይገባል አሉ። የተናገሩት በቀልድ እያዋዙ ነበርና አዳራሹ ደጋግሞ ሣቀ። ቻንድራሴካር መልስ ለመስጠት ዕድል አላገኘም። ሰዎቹ ሲወጡ እያዘኑለት አለፉ፤ ተሳስቷል ብለው አምነው ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ዛሬ ጥቁር ጉድጓድ የምንለውን ነገር ከስሌቱ ተነሥተው በግልጽ ያዩት በዚያ አዳራሽ ውስጥ ኤዲንግተን ነበሩ። በሩን ከፍተው አዩ፤ ያዩትን ስላልወደዱ መልሰው ዘጉት።

ወጣቱ ወደ ታላላቆቹ የፊዚክስ ሊቃውንት ዳኝነት ፈልጎ ጻፈ። ከእነ ቦርና ከእነ ፓውሊ ያገኘው መልስ እውነቱ ከአንተ ጋር ነው የሚል ነበር። ነገር ግን በአደባባይ ወጥተው ከኤዲንግተን ጋር ለመከራከር አልፈቀዱም። የከዋክብት ነገር የእኛ ሥራ አይደለም የሚል ምክንያት ነበራቸው። እኛ እንደሚመስለን፥ ከሣቁት ይልቅ እያወቁ ዝም ያሉት ይበልጥ ይወቀሳሉ። የሣቀው ሰው ቢያንስ አላወቀም።

ቻንድራሴካር ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ዕድሜ ልኩን ስለዚያች አንዲት ቁጥር እየተሟገተ መኖር ነው። እርሱ ግን ነገሩን ሁሉ በሥርዓት በአንድ መጽሐፍ ጽፎ በ1939 አሳተመና ጥናቱን ትቶ ወደ ሌላ ተሻገረ። ይህም የሕይወቱ ልማድ ሆነ። አንድ የትምህርት ክፍል ይይዛል፥ ዓመታት ይሠራበታል፥ ትልቅ መጽሐፍ ይጽፋል፥ ከዚያም ሌላ አዲስ ይጀምራል። የከዋክብትን እንቅስቃሴ፥ ብርሃን በከዋክብት ከባቢ አየር ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ፥ የፈሳሾችን መናወጥ፥ በስተርጅና ደግሞ ጥቁር ጉድጓዶችን በዚሁ ሁኔታ አጠና።

በ1936 በማድራስ ኮሌጅ አብራው ፊዚክስ የተማረችውን ላሊታን አገባ። በ1937 በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ሆኖ በየርክስ የከዋክብት መመልከቻ ሥራ ጀመረ። እዚያም ሌላ ፈተና ጠበቀው። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በቆዳው ቀለም ምክንያት እንዳያስተምር የተቃወመ ሹም ነበረ፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚደንት ሃቺንስ ግን ያስተምራል ብሎ ወሰነ፥ አስተማረም። በ1940ዎቹ ለሁለት ተማሪዎች ብቻ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መኪና እየነዳ ይመላለስ እንደ ነበር ይነገራል። ሁለቱ ተማሪዎች ቻይናውያኑ ሊ እና ያንግ ነበሩ፤ በ1957 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። መምህሩ ገና ሳይሸለም ክፍሉ በሙሉ ተሸለመ ማለት ነው። ከ1952 እስከ 1971 ደግሞ የአሜሪካንን ዋና የከዋክብት ጥናት መጽሔት በአዘጋጅነት መራ።

ስለ ኤዲንግተን ያለው ነገር ለብዙዎች የሚገርም ነው። ሁለቱ በሳይንስ ቢጣሉም ወዳጅነታቸውን አላቋረጡም። ኤዲንግተን በ1944 ሲሞቱ ቻንድራሴካር በክብር አነሣቸው፤ በ1982፥ የተወለዱበት መቶኛ ዓመት ሲከበር፥ በዚያው በካምብሪጅ ስለ ታላቅነታቸው ንግግር አደረገ። ይሁን እንጂ በዚያ ክርክር ምክንያት የጥቁር ጉድጓድ ጥናት ለብዙ ዓመታት እንደ ዘገየ የሚያስቡ ሰዎች አሉ፤ ይህንንም መርሳት አይገባም።

የወሰኑ እውነተኛነት ቀስ በቀስ ተገለጠ። በ1967 ጆስሊን ቤል የምትባል የካምብሪጅ ተማሪ ፑልሳር የተባሉትን ኮከቦች አገኘች። እነዚህ ከነጭ ድንክ የበለጠ የተጨመቁ የከባድ ኮከቦች ቅሪቶች ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ግን ወሰኑ የሚሠራው ነጭ ድንኩ ጥንድ ሲሆን ነው። ብቻውን ያለ ነጭ ድንክ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል እንጂ ምንም አይሆንም። አጠገቡ ሌላ ትልቅ ኮከብ ካለ ግን፥ በስበቱ ከጎረቤቱ ገላ ጋዝ እየቀዳ ይወስዳል። የተቀዳው ሃይድሮጅን በላዩ ተከምሮ ሲሞቅ በድንገት ይነድዳል፤ ኮከቡም ለጥቂት ቀናት ይደምቅና መልሶ ይደበዝዛል። በሰሜን አክሊል ውስጥ ያለው አንዱ እንዲህ ያለ ጥንድ በ1866 እና በ1946 ሲነድድ ታይቷል። የዚያ ነጭ ድንክ ክብደት ወደ ቻንድራሴካር ወሰን በጣም የቀረበ ነው።

ክብደቱ እየጨመረ 1.4 ገደማ ከደረሰስ? በውስጡ ያለው ካርቦን በአንድ ጊዜ ይቀጣጠልና ኮከቡ ምንም ሳይቀር ይበታተናል። ሁለት ነጭ ድንኮች እየተጠጉ ሄደው ሲጋጩም ይህ ሊሆን ይችላል፤ የትኛው መንገድ እንደሚበዛ ሊቃውንት ገና ይከራከራሉ። ብርሃኑ ለጊዜው የብዙ ቢሊዮን ፀሐዮችን ያህል ነው። በ1006 እንዲህ ያለው ፍንዳታ በሰማይ ታይቶ፥ በግብፅ ዓሊ ኢብን ሪድዋን የሚባለው ሐኪም ያየውን ጽፎ አቆይቷል። በ1572 ደግሞ ሌላ ታየ። እነዚህ ፍንዳታዎች ኃይላቸው ተቀራራቢ ስለ ሆነ፥ ብርሃኑ የታወቀ ኩራዝ በጨለማ ምን ያህል እንደ ራቀ ከድምቀቱ እንደሚገመት ሁሉ፥ የሩቅ ጋላክሲዎችን ርቀት ለመለካት ያገለግላሉ። በ1998 ሁለት የሊቃውንት ቡድኖች በዚህ ዘዴ ለክተው የዓለሙ መስፋት እየፈጠነ እንደሚሄድ አገኙ። ለዚህም ፐርልማተር፥ ሽሚትና ሪስ በ2011 የኖቤል ሽልማት አገኙ።

ቻንድራሴካር የራሱን የኖቤል ሽልማት የተቀበለው በ1983 ነው፤ አብሮት የተሸለመው ዊልያም ፋውለር የተባለ ሌላ ሊቅ ሲሆን ከካምብሪጁ ፋውለር ጋር በስም ብቻ ይገናኛል። በመርከብ ላይ ካሰላበት ቀን አንሥቶ ሃምሳ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። ኦገስት 21 ቀን 1995 በቺካጎ ዐረፈ።

ጁላይ 23 ቀን 1999 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኰራኩር አንድ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ተሸክማ ወጣች። አዛዥዋ አይሊን ኮሊንስ ነበረች፤ የጠፈር መንኰራኩር ስታዝ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ለቴሌስኮፑ የወጣለት ስም ቻንድራ ነው፤ በሳንስክሪት ቋንቋ ጨረቃ ማለት ነው። ይህ ቴሌስኮፕ በ1572 እና በ1006 ከፈነዱት ነጭ ድንኮች የቀረውን፥ እስከ ዛሬም በጠፈር እየሰፋ የሚሄደውን የጋለ ደመና ፎቶግራፍ አንሥቶ ወደ ምድር ልኳል።